አሥራ ስድስት ጊጋ

የላፕቶፔን ራም ስንት እንደማደርገው የወሰኑልኝ እኔ በሌለሁበት ነው። በሌለሁበት ስል እንኳ ልክ አይደለሁም፤ ነበርኩ። ከጣውላው ግድግዳ ወዲህ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ዓይኔን ገልጬ እያንዳንዷን ቃል እሰማ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ከግድግዳው ወዲያ፣ ወደ መንገዱ በምትከፈተው የፊት ክፍል ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሜ ገበያውና የአባታችን ወንድም ጋሽ ገብረ ጻድቅ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ክፍሏን ተከራይታ በርበሬና ጨው ትቸረችርባት የነበረችው ሴትዮ ከለቀቀች ሁለት ወር ሆኗታል፤ የበርበሬው ሽታ ግን አልለቀቀም። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ያስነጥሳሉ፣ ገበያው «ይማርዎ» ይላል፣ እሳቸው «ያኑርህ» ይላሉ፤ በዚህ ሁሉ ጨዋነት መሀል የእኔን ዕቃ ያከፋፍላሉ።

«ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገባለሁ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ማገናኘት ብቻ ነው» ይላል ገበያው። «በዚህ ሰፈር ጌም ቤት የለም። ልጆቹ እስከ ላይኛው ሰፈር ነው የሚሄዱት። ግን ራሙ ስምንት ነው፤ ስምንት አዲሱን የኳስ ጨዋታ አይጎትትም። ሠላሳ ሁለት መሆን አለበት።»

«ውድ ነው?»

«እሷ ናት የምትገዛው። የሰርግ ቀረጻ ብር ይዛለች።»

«እንግዲያስ ምን ቸገረን፣ ሠላሳ ሁለት ይሁን» አሉ ጋሽ ገብረ ጻድቅ፣ ራም የሚባለውን ነገር በሕይወታቸው አይተው የማያውቁት ሰውዬ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሰው ይዤ እመጣለሁ። እንዳይከፋት በሽማግሌ እንነግራታለን።»

ላፕቶፑ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሥራዬ ቪዲዮ ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የመጣውን ሁሉ እቀርጻለሁ። ሻደይ በመጣ ቁጥር ካሜራ ተሸክሜ ከልጃገረዶቹ ኋላ ከሰፈር ሰፈር እየሮጥኩ፣ በሁለት ነሐሴ ያጠራቀምኩት ነው ላፕቶፕ የሆነው። ጌሚንግ የሚባለውን ዓይነት የመረጥኩት ልጫወትበት አይደለም። ቪዲዮ ለመቁረጥ ደህና ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል፤ ደህና ካርድ ኖሮት ከአቅሜ ጋር የተገናኘው ደግሞ ወልድያ ያለ ነጋዴ እጅ ላይ የነበረ ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ መንገዱ ለሴት ልጅ አይሆንም ተባልኩና ሄዶ ያመጣልኝ ገበያው ነው። ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድሯል፤ አልክድም። ደረሰኙም በእሱ ስም ተጻፈ፤ የሄደው እሱ ነዋ። ኪቦርዱ ከሥሩ ቀይ ሲበራ ሲያየው እንደ ሕፃን ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ሥራ ሳልይዝበት ኳስ ይጫወትበታል። ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህቺ ናት፤ ዝም ማለቴ። መጀመሪያ «ያንቺን ላፕቶፕ» ይል ነበር፣ ቀጥሎ «ላፕቶፑን»፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጓደኞቹ ፊት «ላፕቶፔን» ሲል ሰምቼ ሰው ፊት ላላሳፍረው ብዬ አለፍኩት። እኔ እሱን ላለማሳፈር ስጨነቅ እሱ እኔን በሽማግሌ ሊያስነግረኝ ነው።

በዚያ ላይ ራሙ ማነሱን መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቤዛ የምትባል ከፍኖተ ሰላም መጥታ እዚህ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በጥር ወር አገባች፤ ሰርጓን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አባቷ መንገዱ አላስመጣ ብሏቸው ሳይገኙ ቀሩ። በስልክ ሊያሳዩዋቸው ሞክረው ኔትወርኩ ገና ሙሽራው ሳይገባ ቆመ። ልጅቷ ሰኞ ጠዋት ፈቃድ ወስዳ ወደ አባቷ ትሄዳለች፤ እጇ ላይ ይዛ መሄድ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ያንን ቪዲዮ ነው። ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ምስል ነው፣ በሦስት ካሜራ የተቀረጸ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስዘረጋቸው ላፕቶፑ ያቃስታል፣ ይግላል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል፤ ሙሽራዋ አንድ እግሯን አንስታ እዚያው ትቀራለች። ስድስት ቀን ሙሉ ከዚህ ጋር ታገልኩ። ሐሙስ ዕለት ራት ላይ «ራሙን ካልጨመርኩበት ይህ ሥራ አያልቅም» ብዬ አማረርኩ። ገበያው ያቺን ይዞ ነው ወደ አጎቱ የሮጠው።

ተነሥቼ ለባበስኩ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ሄደዋል። እናቴ ጓሮ የጠላ እንስራ እያጠበች ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሚመጡት እንግዶች መሆኑ ነው። ስለዚህ ታውቃለች ማለት ነው። «እማዬ፣ ሰምተሻል?» አልኳት። እንስራውን ገልብጣ ውኃውን አንጠፈጠፈች። «ቁርስ ብይ» አለችኝ። «ቁርስ አይደለም የጠየቅኩሽ።» ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እናቴ ባንቺ ትባላለች፤ በሰፈሩ ሁሉ በዝምታዋ ነው የምትመሰገነው። አባቴ ሲሞት እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ትልቅ ነገር ሲወሰን ጋሽ ገብረ ጻድቅ ይናገራሉ፣ እሷ ትቀዳለች። ገበያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ላፕቶፑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በአጠገቡ ሳልፍ «ወዴት ነው?» አለ። «ራም ላስጨምር» አልኩት። ፊቱ በራ። የሰማሁ አልመሰለውም። «ሠላሳ ሁለት አድርጊው እሺ፣ እታለም! አንዴ ከሆነ አይቀር!» አለኝ። እታለም አለኝ! መልስ ብሰጠው ሻይ የያዘበትን ብርጭቆ ስለምሰብረው ሳልመልስለት ሄድኩ።

ባጃጅ ያዝኩ። ባለባጃጁ ነዳጅ በጥቁር ገበያ ነው የገዛሁት ብሎ እጥፍ ጠየቀኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን እከራከር ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ወረድኩ። የወልድያ አውቶቡስ ገና ሰው እየጠራ ነው። የስልክና የኮምፒውተር ጠጋኙ የምንዋጋው ሱቅ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በአንድ የጫማ ቤትና በአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተጨመቀች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ግድግዳው ላይ የስልክ ሽፋን ከላይ እስከ ታች ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች ተደርድረዋል። ምንዋጋው ከጎንደር መጥቶ እዚህ ሦስት ዓመት የሠራ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ አፉ ግን የማያርፍ ልጅ ነው።

«ገበያው ደህና ነው?» አለኝ፣ ገና ሰላም ሳንባባል።

«ደህና ነው። ራም ልጨምርበት ነው የመጣሁት። ስንት ይበቃኛል? ዋጋውስ?»

ላፕቶፑን ተቀብሎ ገለበጠው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ደወለ። ዋጋውን ለማወቅ ወደ አቅራቢ የሚደውል መስሎኝ ጠበቅኩ። «ሃሎ፣ ገበያው፣ እንዴት አደርክ? እህትህ ላፕቶፕህን ይዛ መጥታለች፤ ስንት ላድርግልህ?» ሲል ጆሮዬን አላመንኩም። እጄን ሰድጄ ስልኩን ከጆሮው ላይ ነጠቅኩትና ዘጋሁት። የጫማ ቤቱ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየን። «ምን ሆንሽ?» አለ ምንዋጋው። «ብሩን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ፊትህ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ላፕቶፑ የኔ ነው፤ የምታናግረው እኔን ነው» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ጮኸብኝ። ምንዋጋው እጁን አነሳ። «ይቅርታ ደብሬ፣ ደረሰኙን ያየሁት በእሱ ስም ስለሆነ ነው፤ ፎርማት ሊያስደርግ ሲመጣ...» ገበያው ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ይዞር ኖሯል!

ይሁን። ምንዋጋው ሲሠራ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። «መጀመሪያ ስንት እንደሚያስፈልግሽ እንየው፣ ገምተን አንግዛ» አለና ላፕቶፑን አስነሥቶ የሰርጉን ሥራ እንድከፍትለት ጠየቀኝ። ሦስቱን ካሜራ ዘረጋሁለት። ራሙ ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከጎኑ ከፈተ፤ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። ሙሽራዋም እንደ ልማዷ እግሯን አንስታ ቀረች። «አየሽ፣ ስምንቱን ጠጥቶ ጨርሶ ሌላ ይለምናል። አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት ጊጋ ነው የሚፈልገው። አሥራ ስድስት ይበቃሻል፤ ይተርፍሻልም።» ሠላሳ ሁለትስ አልኩት፤ ስለ ኳሱ ጨዋታ ምንም ሳልነግረው። ሳቀ። «ለምን? ለጌም ከሆነ እዚህ ላፕቶፕ ላይ የሚያንሰው ካርዱ ነው እንጂ ራሙ አይደለም። ካርዱ ደግሞ አይቀየርም፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ሠላሳ ሁለት ብታደርጊው ያው ነው፤ ብር መጣል ነው።» ስለዚህ ወንድሜና አጎቴ በኔ ብር ሊገዙ የተስማሙበት ነገር ለእነሱም አይጠቅማቸውም። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የባሰ ተናደድኩ። ቢያንስ ሲዘርፉኝ አውቀው ቢዘርፉኝ!

ዋጋው ሌላ ጉድ ነው። ዓምና አምስት ሺህ የነበረው ስምንት ጊጋ አሥራ አንድ ሺህ ገብቷል፤ አሥራ ስድስቱ ሃያ። «ለምን?» አልኩት። «አሜሪካና ቻይና ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ነገር የሚያንቀሳቅሱ የኮምፒውተር መጋዘኖች አሉ፤ የዓለሙን ራም እነሱ እየገዙት ነው ይላሉ። አዲስ አበባም ጠፍቷል» አለኝ። በስንቱ ልናደድ! «ስምንት ጨምሬበት አሥራ ስድስት ይሁናላ፤ አንድ ባዶ ማስገቢያ አለው» አልኩት። መሳቢያውን ጎልጉሎ አየ። ስምንት ጊጋ የሚባል የለውም፤ ያለው አንድ ባለ አሥራ ስድስት ብቻ ነው፣ ትናንት የገባ። መሳቢያውን መልሶ ዘግቶ «እንዲህ እናድርግ» አለኝ፤ «አሮጌውን ስምንት በስድስት ሺህ እወስድልሻለሁ፤ አሥራ ስድስቱን አስገባልሻለሁ። ሁለት ጎን ለጎን ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ግን አንዱም ሥራሽን ያስጨርስሻል። ባዶውን ማስገቢያ ብር ሲኖርሽ ትሞይዋለሽ።» አሰብኩ። ሃያ አራት ማድረግም እችል ነበር፤ አሮጌውን ትቼ አሥራ ስድስቱን ከጎኑ መጨመር። ግን ሃያው ሺህ ከቤዛ የተቀበልኩትን ቀብድ እንዳለ ይበላዋል፤ አሥራ ስድስት ደግሞ ይበቃል። የሚበቃኝን አውቄ፣ በራሴ ጭንቅላት፣ ማንም በሽማግሌ ሳይነግረኝ ወሰንኩ። «አድርገው» አልኩት። «ደረሰኙ ላይ ደብሬ ብለህ ጻፍ። ከነአባቴ ስም።»

ከሥሩ አሥራ አንድ ብሎን ነበረው። ምንዋጋው ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ አየሁት፤ የትኛውን ክሊፕ ወደ ጎን ገፍቶ ራሟን እንዴት ብድግ እንደሚያደርጋት ሁሉ። የጣት ርዝመት ያላት አረንጓዴ ቁራጭ ናት፤ ይህን ሁሉ ነገር የምታመጣ አትመስልም። አዲሷን አስገባ፣ ገጠመ፣ አስነሣ። ሦስቱን ካሜራ ዘረጋሁ። ሙሽራዋ እግሯን አሳረፈች፣ ሌላውን አነሣች፣ ሄደች። ሄደች! እዚያው ሱቁ ጥግ ላይ ካርቶን አንጥፌ ተቀመጥኩና እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ቀና ሳልል ቆረጥኩ። በስድስት ቀን ያልተገፋልኝ ሥራ በአምስት ሰዓት ተገፋ። የቀረኝ የማታው የቅልቅል ክፍልና ያለቀውን ወደ አንድ ፋይል ማውጣት ብቻ ነበር። ቤዛ ደወለች፤ «ደብሬዬ፣ ይደርሳል አይደል? አባዬ ቴሌቪዥን ተውሰው ይጠብቁኛል» አለችኝ። «ነገ ማታ እጅሽ ላይ ነው» አልኳት። ይህን ስል ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት ነው። ወዲያው እናቴ ደወለች። «መጥተዋል» ብላ ዘጋችው።

የፊት ክፍሏ ተጠርጋለች። ጋሽ ገብረ ጻድቅ መሀል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጡረታ የወጡ የወረዳ ጸሐፊ ናቸው፣ ሌላኛው ከደሃና ለገበያ የመጡ የአባቴ ዘመድ። ገበያው በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ። እናቴ ጠላውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ጉልበት ሳምኩ፣ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ደሃናው መንገድ ተወራ። ማንም ወደ ነገሩ ለመግባት አልቸኮለም፤ ሽማግሌ ሲመጣ እንደዚህ ነው፤ ሊያርዱህ የመጡም ቢሆን መጀመሪያ ስለ ጤናህ ይጠይቁሃል።

በመጨረሻ ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጆቻችን በአንድ ዕቃ ምክንያት ቅር እንዳይባባሉ ብለን ነው። ወንድምሽ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ወንድ ልጅ ቤት ተቀምጦ እንደማያምርበት ታውቂያለሽ። ዕቃውን እሱ ነው ከወልድያ ድረስ ተንከራቶ ያመጣው።»

«ብሩ የኔ ነው፣ ጋሼ። እኔ እንዳልሄድ የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«አይደለም አላልንም። ጨርሼ አልተናገርኩም።» ብርጭቋቸውን ዘረጉ፤ እናቴ ቀዳችላቸው። «አሁን ያጋጨው ሚሞሪ የሚሉት ነገር ነው አሉ። እሱ ሠላሳ ሁለት ይላል። አንቺስ?»

«አሥራ ስድስት። ደግሞም ሚሞሪ አይደለም፣ ራም ነው። ዘፈን የሚጫንበት አይደለም።» የደሃናው ሰውዬ ምን ልዩነት እንዳለው ጠየቁኝ፤ እውነት ለማወቅ ፈልገው ነበርና በትህትና ነገርኳቸው። «ጎተራዎ ሙሉ እህል ቢኖር አባባ፣ የሚያበጥሩበት ሰፌድ ትንሽ ከሆነ እፍኝ እፍኝ እያሉ ነው የሚውሉት። ራሙ ሰፌዱ ነው።» «እህ!» አሉ፣ ገባቸው። ምንዋጋው ያለኝንም ነገርኳቸው፤ ለኳሱ ጨዋታ ሠላሳ ሁለት ምንም እንደማይጨምርለት። ገበያው «ምንዋጋው ምን ያውቃል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሦስቱ ተነጋገሩ፤ ጎንበስ ብለው፣ በአገው ቋንቋችን፣ በኽምጣና። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ነገር ሊቋጩ ሲሉ ሁልጊዜ ወደ ኽምጣና ይገባሉ። ከዚያ ቀና አሉ። «እንግዲህ እኛ ሁለቱንም ወገን ሰምተናል። እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ሠላሳ ሁለት። ከእሱም ቀንሰን፣ ለእሷም ጨምረን፣ ሃያ አራት ይሁን ብለናል።» ጸሐፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለበግ ዋጋም፣ ለድንበርም፣ ለደም ካሣም መሀሉን መቁረጥ ነው የሚያውቁት። የሚያስቀው ሃያ አራት የሚባል ነገር መኖሩ ነው፤ ምንዋጋው ሱቅ ትቼው የመጣሁት። አልሳቅኩም። «ላፕቶፑስ?» አልኩ። «ላፕቶፑ የቤቱ ነው። እዚሁ ፊት ክፍል ይቀመጣል፤ ገበያው ይሠራበታል። አንቺም ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ ትሠሪበታለሽ። ከነገ ጀምሮ» አሉ። «ጋሼ፣ ነገ ማታ ድረስ የማስረክበው ሥራ አለ። ጠዋት ጠዋት ተብሎ ሰርግ አይቆረጥም። ይህ እንጀራዬ ነው።» «እንጀራሽንማ ማን ነካብሽ? ደግሞ ፍርድ ፍርድ ነውና የራስሽንም አንወስድብሽም። ከዛሬ ጀምሮ የምትጨምሪበት ያንቺ ነው። ነገ አግብተሽ ከዚህ ቤት ስትወጪ የጨመርሽውን አውጥተሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሴት ልጅ የራሷን ይዛ ነው የምትወጣው፤ ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው።» ቸርነታቸው ራሳቸውን ሳያስደስታቸው አልቀረም።

«ለመውጣት ማግባት አለብኝ?» አልኩ። ጸሐፊው ጠላቸውን ተጎነጩ። ከካሜራ ቦርሳዬ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣሁ፣ ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት፣ የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። «ምን ታደርጊያለሽ?» አለ ገበያው። ቀጠልኩ፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ብሎኖቹ እየተንከባለሉ ሊወድቁ ሲሉ የደሃናው ሰውዬ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ ምን እንደማደርግ ሳይገባቸው፣ የሰው ዕቃ እንዳይጠፋ ብለው ብቻ። አሥራ አንዱንም እዚያ ላይ አኖርኩ። ክዳኑን አነሣሁ፣ ክሊፖቹን ገፋሁ፣ ራሟ ብድግ አለች። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። «ዛሬ የጨመርኩት ይህን ነው። አሮጌውን ለባለሱቁ ሰጥቼ ያስገባሁት። ደረሰኙም ይኸው፣ በስሜ። የራሴን አወጣሁ። የቤቱን ለቤቱ ትቻለሁ።»

ገበያው ተስፈንጥሮ መጣ። ክዳኑ እንደተከፈተ ቀና አድርጎ ማብሪያውን ተጫነው። ኪቦርዱ ቀይ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ደገመው። ጨለማ ነው። «አይነሣም?» አሉ ጸሐፊው። «ያለሱ አይነሣም» አልኩ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ጠቆሩ። «ሽማግሌ ፊት! መልሺ! አሁን መልሺበት! ባንቺ፣ ልጅሽን አታናግሪያትም?» እናቴን ሳይ «መልሺለት ልጄ» እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ። ያን ጊዜ ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በእሷ ነው፤ ገና ሳትናገር።

እናቴ የጠላውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች። የተናገረችው በኽምጣና ነው፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አያ ገብረ ጻድቅ፣ ያኔ የስፌት መኪናዬን ሲወስዱብኝ እኔ መዘውሯን የሚያዞረውን ቀበቶ ፈትቼ ማስቀረት አልታየኝም ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«የባለቤቴ ተዝካር እንኳ ሳይወጣ። ከአባቴ ቤት ይዣት የመጣኋት መኪና ናት። ወንድ ልጅ ይሥራባት ብለው ለልጅዎ ሰጡት። በሽማግሌ ነው የነገሩኝ፤ እዚሁ ቤት፤ እኔም ጠላ ቀዳሁላችሁ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ደብሬ ትምህርት ቤት ስትገባ ዩኒፎርሟን የት አሰፋሁ? እዚያው ነው። በገዛ መኪናዬ፣ ለልጅዎ ከፍዬ።»

ትዝ አለኝ። የአጎቴ ልጅ የልብስ ስፌት ቤት፣ ወርቅማ አበባ የተሳለባት ጥቁር መኪና፣ እኔ ክንዴን ዘርግቼ እየተለካሁ፣ እናቴ ከመቀነቷ ብሩን እየፈታች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም። ሃያ ሁለት ዓመት! ማንን እንደምሰድብ አጣሁ። ጋሽ ገብረ ጻድቅ ዱላቸውን ፈለጉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ብርጭቋቸው አቀረቀሩ። ገበያውን አየሁት። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ መኪናዋ በበሩ ስትወጣ አይቷል፤ ፊቱን ሳይ ማስታወሱ ገባኝ።

ማብሪያውን ተጭኖ አጠፋው። ክዳኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ቦታው አስገባው፤ ብሎኖቹን ከደሃናው ሰውዬ መዳፍ ተቀበለ፤ ከኪሱ የተጣጠፈውን የወልድያ ደረሰኝ አወጣና ላዩ ላይ አደረገ። ከዚያ ሁሉንም በሁለት እጁ ተሸክሞ መጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። አመሰግናለሁ አላልኩትም።